ሦስት ሱቅ ወደ 15 ሲያድግ የትኛው ዳታቤዝ ይዘልቃል? ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤል ወይስ ማሪያዲቢ

ሚዛን ልኩ፦

ጎበዝ እንዴት ዋላችሁ። በተለይ የጎንደር ልጆች ካላችሁ አንድ በሉኝ፤ መብራቱንም መስመሩንም ስለምታውቁት ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጅምላና ችርቻሮ ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጥ ድርጅት ሲስተም ነው። አሁን አራዳ፣ ማራኪና አዘዞ ላይ ሦስት ሱቅ አለ፤ 11 ካሸር፣ ሁለት የሒሳብ ሠራተኛና አንድ የመጋዘን ኃላፊ ይጠቀሙበታል። ፕሮግራሙ ላራቬል በሚባለው የፒኤችፒ ማዕቀፍ ነው የተጻፈው። ዳታቤዙ አራዳ ቢሮ ውስጥ አንድ ዊንዶውስ ማሽን ላይ በዛምፕ (ዌብ ሰርቨርና ዳታቤዝ አንድ ላይ የሚጭን ጥቅል) የተጫነ ማይኤስኪውኤል ነው፤ ማሽኑ 16 ጊጋ ራምና አንድ ኤስኤስዲ አለው። የሽያጭ ዝርዝር ሠንጠረዡ 4.2 ሚሊዮን ረድፍ ደርሷል።

ዕቅዱ በሁለት ዓመት ውስጥ ዳባት፣ ደባርቅ፣ ቆላድባ፣ መተማ እያሉ ወደ 15 ሱቅ መድረስ ነው። ከወዲሁ ግን የአንድ ሱቅ የወር መዝጊያ ሪፖርት 40 ሰከንድ ይፈጃል፤ እሱ ሲሠራ ደግሞ ካሸሮቹ ደረሰኝ እስኪወጣላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ሦስት ምክር ተሰጥቶኛል፣ ሦስቱም አይገጥሙም። አንዱ ፖስትግሬስ ግባና ተገላገል አለ። አንዱ በየሱቁ የማሪያዲቢ ጋሌራ ክላስተር (አንዱን ዳታ አብረው የሚይዙ ሰርቨሮች) ትከል አለ። ሌላው ዳታውን ከአሁኑ በሱቅ ከፋፍለህ በብዙ ሰርቨር ካላስቀመጥክ ኋላ ትቸገራለህ አለ። ለፈቃድ የሚከፈል ብር የለም፣ ክፍት ምንጭ መሆን አለበት። ከቤቱ ጋር አብሮ የሚያድገው የቱ ነው?

አንገረብ፦

የዳታቤዝ ስም ከመጥራታችን በፊት ጭነቱን በወረቀት እናስላው። 15 ሱቅ፣ በየሱቁ በቀን 400 ደረሰኝ፣ በደረሰኝ 4 ዕቃ እንበል። በቀን 6,000 ደረሰኝና 24,000 የዝርዝር ረድፍ ማለት ነው። የ10 ሰዓት ሥራ 36,000 ሰከንድ ስለሆነ በአማካይ በየ6 ሰከንዱ አንድ ደረሰኝ ይወጣል። ለጥምቀት ሰሞን አሥር እጥፍ ቢሆን እንኳ በሰከንድ ሁለት አይሞላም። ከሦስቱ የትኛውም ተራ ኤስኤስዲ ላይ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ኮሚት (ጸንቶ የተመዘገበ ለውጥ) ይሸከማል።

መጠኑም ያው ነው። በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢኖር 7.2 ሚሊዮን ረድፍ፣ በረድፍ 150 ባይት ብትይዝ 1.1 ጊጋ ገደማ፣ ከነኢንዴክሱ (ረድፍ ቶሎ ለማግኘት የሚሠራ ማውጫ) 2 ጊጋ። የአምስት ዓመቱ 10 ጊጋ ነው፤ 32 ጊጋ ራም ባለው አንድ ማሽን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የሦስተኛውን ሰው ምክር እርሳው። ዳታን በሰርቨር መከፋፈል አንድ ማሽን የሚጻፈውን መሸከም ሲያቅተው የሚመጣ ነገር ነው። ቀድመህ ከገባህበት "አዘዞ ያለቀው ዘይት ማራኪ አለ ወይ" የሚል ተራ ጥያቄ የሁለት ሰርቨር ጉዳይ ይሆንብሃል።

40 ሰከንዱ ሌላ ነገር ነው። በላራቬል ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ "ዌርመንዝ"፣ "ዌርይር" ወይም "ዌርዴት" የሚሉትን በወር፣ በዓመት ወይም በቀን የሚያጣሩ ትእዛዞች ይጠቀማል። እነዚህ ወደ ኤስኪውኤል ሲቀየሩ የቀን ዓምዱን ፈንክሽን ውስጥ ይከቱታል። ዓምዱ ፈንክሽን ውስጥ ከገባ ደግሞ ቀኑ ላይ ያለው ኢንዴክስ አያገለግልም፤ ዳታቤዙ 4.2 ሚሊዮኑን ረድፍ አንድ በአንድ ወሩን እያሰላ ያነባል። ይልቅ በክልል ጻፈው፦ ቀኑ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ በታች። "ቢትዊን" አትጠቀም፤ የመጨረሻውን ቀን ሰዓት ሳትጽፍ ካስገባህ የዚያን ቀን ሽያጭ ይጥልብሃል። ኢንዴክሱን ደግሞ በሁለት ዓምድ ሥራው፣ ሱቅ ቁጥር ቀድሞ ቀኑ ተከትሎ። በእኩልነት የምትፈልገው ዓምድ ይቀድማል፣ በክልል የምትፈልገው ይከተላል። ከተገለበጠ ኢንዴክሱ የወሩን የሁሉንም ሱቅ ሽያጭ ማንበቡ አይቀርም።

ካሸሮቹ ለምን ቆሙ የሚለውን ለማወቅ "ሾው ቴብል ስታተስ" በልና "ኢንጂን" (ሠንጠረዡን የሚያስተዳድረው ክፍል) የሚለውን ዓምድ እይ። "ማይአይሳም" የሚል ከሆነ ምክንያቱ ያ ነው፤ ማይአይሳም የሚቆልፈው ሠንጠረዡን በሙሉ ስለሆነ ሪፖርቱ አንብቦ እስኪጨርስ የሚጽፈው ካሸር ይጠብቃል። "ኢኖዲቢ" ከሆነ ተራ ንባብ ጻፊን አይከለክልም፤ እንግዲያስ ጥፋቱ የራም ነው። በዛምፕ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ "ኢኖዲቢ በፈር ፑል ሳይዝ" (ዳታ ለማቆያ የሚሰጠው የራም መጠን) ስንት እንደሚል ተመልከት።

በነገራችን ላይ ዛምፕ ውስጥ ያለው ማይኤስኪውኤል አይደለም። መቆጣጠሪያ መስኮቱ እንደዚያ ይላል እንጂ ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ ውስጡ ማሪያዲቢ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ለመማሪያና ለሙከራ እንጂ ለሥራ አይደለም ብለው ጽፈውበታል፤ ሩት ተጠቃሚው ያለ ይለፍ ቃል ነው የሚመጣው።

ፊደል ለቃሚ፦

በስሌቱ እስማማለሁ። ግን ጥያቄው "የቱ አብሮ ያድጋል" ስለሆነ፣ ከባዶ የሚጀመር ቢሆን ፖስትግሬስ ነው መልሴ፤ ምክንያቱ ፍጥነት አይደለም። ቤቱ ሲያድግ የሚበዛው የሠንጠረዥ ለውጥና የሪፖርት ዓይነት ነው። ፖስትግሬስ ላይ "ዓምድ ጨምር፣ ዳታውን ቀይር፣ ገደብ አስገባ" የሚለው ሁሉ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይገባል፤ መሀል ላይ ከተበላሸ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ማይኤስኪውኤልና ማሪያዲቢ ላይ እያንዳንዱ የሠንጠረዥ ለውጥ በራሱ ኮሚት ያደርጋል፤ ሦስተኛው ላይ ከወደቀ ሁለቱ ተለውጠው አንዱ ቀርቶ ታገኘዋለህ። ሌላው ከፊል ኢንዴክስ ነው። ያልተከፈለ ዱቤ ብቻ ላይ ኢንዴክስ መሥራት ትችላለህ፤ ከ4 ሚሊዮን ረድፍ ያልተከፈለው 9,000 ቢሆን ኢንዴክሱ የሚይዘው 9,000ውን ብቻ ነው።

ዋጋ ግን አለው። እያንዳንዱ ኮኔክሽን (ከዳታቤዙ ጋር የሚከፈት ግንኙነት) የራሱ ፕሮሰስ ነው፤ መነሻው ወሰን 100 ነው። አንተ የምትቆጥረው የካሸሮቹን ብዛት ሳይሆን ፒኤችፒው በአንድ ጊዜ የሚያስነሳቸውን ሠራተኛ ፕሮሰሶች ነው። 40 ከሆኑ 40 ኮኔክሽን ነው፣ ምንም አትሁን። ወደ መቶ ሲጠጋ ወሰኑን 500 አድርጎ መተኛት ስሕተት ነው፤ ፒጂባውንሰር የሚባለውን ኮኔክሽን አካፋይ መሀል አስገባና በትራንዛክሽን ሞድ 20 ኮኔክሽን ለሁሉም እንዲያካፍል አድርገው። በ16 ጊጋ ማሽን "ሼርድ በፈርስ" (ለሁሉም የጋራ የሆነው የዳታ ማቆያ ራም) 4 ጊጋ፣ "ወርክ ሜም" 16 ሜጋ፣ ኤስኤስዲ ስለሆነ "ራንደም ፔጅ ኮስት" (ከዲስክ እዚህም እዚያም የማንበብ ዋጋ ግምት) ከ4 ወደ 1.1። ወርክ ሜም ለኮኔክሽን ሳይሆን ለእያንዳንዱ የመደርደርና የማጣመር ሥራ የሚሰጥ ስለሆነ አንድ ሪፖርት አምስት ጊዜ ሊወስደው ይችላል። 256 ሜጋ አድርጎት ማሽኑን ራም ያሳጣ ሰው ብዙ ነው።

ቫክዩም ደግሞ አለ። ፖስትግሬስ ረድፍ ሲቀየር አሮጌውን ትቶ አዲስ ይጽፋል፣ የሞተውን ኋላ ይጠርጋል። አውቶቫክዩም የሚነሳው ከሠንጠረዡ 20 በመቶ ሲሞት ነው፤ በ4.2 ሚሊዮን ረድፍ ላይ ይህ 840,000 የሞተ ረድፍ ነው። ለትልልቆቹና ቶሎ ቶሎ ለሚቀየሩት ሠንጠረዦች ለብቻቸው ወደ 0.02 አውርደው። ትራንዛክሽን ከፍቶ የሄደ ፕሮግራም ካለ ግን ቫክዩሙ እየሮጠ ምንም አይጠርግም፤ "አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውት" ን 5 ደቂቃ አድርገህ ግንኙነቱን ይቁረጠው።

የዱቤ ደንበኛ ስም ፍለጋ ላይ ደግሞ የእኛው ፊደል ጉዳይ ይመጣል። አንዱ ካሸር ኃይሉ፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ሃይሉ ብሎ ያስገባል፤ አንድ ሰው ሦስት ደንበኛ ሆኖ ዱቤው ይበተናል። ትራንስሌት በሚባለው ፈንክሽን ሐን ኀን ሃን ሓን ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ዓን ኣን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ሌሎቹንም እንደዚሁ ከነዘራቸው የሚመልስ የተሰላ ዓምድ ሥራ። የተሰላ ዓምድ ከቨርዥን 12 ጀምሮ አለ። ኢንዴክሱን በዚያ ላይ "ቴክስት ፓተርን ኦፕስ" በሚለው ሥራው፣ ያለዚያ በስም መነሻ ስትፈልግ አያገለግልህም። የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ፈንክሽን ማሳለፍ አትርሳ። ደንበኛው የሚያየው ስም ግን እንደጻፈው ይቆይ፤ ስሙን ዓፀደ ብሎ የሚጽፍ ሰው ደረሰኙ ላይ አጸደ ሲመጣበት ደስ አይለውም። ማይኤስኪውኤል ላይ ትራንስሌት ስለሌለ በተደራረበ "ሪፕሌስ" ነው የምትሠራው። ይሠራል፣ ያስጠላል።

ሰሊጥ ጫኝ፦

ፊደል ለቃሚ ያልከው ልክ ነው፣ ግን የሰው ቤት ላይ ነው የምንመክረው። ሲስተሙ በማሪያዲቢ ተጽፎ እየሠራ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ሲወድቅ ጎንደር ውስጥ ደውለህ የምታገኘው ሰው ማይኤስኪውኤል ያውቃል ወይስ ፖስትግሬስ? ይህም የዕድገት ጥያቄ ነው። አቅም እንደሆነ ዊኪፒዲያ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ በማሪያዲቢ ነው የሚሠራው፤ ከአራዳ እስከ መተማ ያለ ሱቅ ጣሪያውን አይነካውም።

በሥራ ደረጃ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ማይኤስኪውኤልም ማሪያዲቢም ለኮኔክሽን ፕሮሰስ ሳይሆን ከእሱ የቀለለ ትሬድ ነው የሚከፍቱት፣ 300 ኮኔክሽን ያለ ፒጂባውንሰር ይዘልቃሉ። ቫክዩም የለም፣ ያም ሆኖ ለሰዓታት የተከፈተ ትራንዛክሽን እነሱንም ያሳብጣል። ረድፉ የሚቀመጠው በዋናው ቁልፍ (እያንዳንዱን ረድፍ በሚለየው ዓምድ) ቅደም ተከተል ስለሆነ በቁልፍ ማንበብ ፈጣን ነው። ግን ዋናውን ቁልፍ የዘፈቀደ መለያ ካደረግከው እያንዳንዱ አዲስ ረድፍ መሀል ለመሀል እየገባ ገጹን ይሰነጥቃል፤ ሌሎቹ ኢንዴክሶችም ሁሉ ያንን ረጅም ቁልፍ ይሸከማሉ። 36 ፊደል ጽሑፍ አድርገህ ካስቀመጥከው ደግሞ ባሰ።

ከሁለቱ የቱ ለምትል፣ ማሪያዲቢ በእ.ኤ.አ. 2009 ከማይኤስኪውኤል የተገነጠለ ነው፤ በዓመቱ ኦራክል ሰንን ሲገዛ ማይኤስኪውኤል ወደ ኦራክል ገባ። በመጀመሪያው ዘመን አንዱን ነቅለህ ሌላውን በቦታው መትከል ይቻል ነበር፤ አሁን ቀርቷል። የማይኤስኪውኤል 8 የዳታ ፎልደር በማሪያዲቢ አይከፈትም፣ ጄሶን የሚባለው ዓይነት ማሪያዲቢ ላይ ረጅም ጽሑፍ ነው፣ የሪፕሊኬሽን (ዳታን ወደ ሌላ ሰርቨር የመቅዳት) መለያቸውም አይገጥምም። አንዱን ምረጥና እዚያው ቆይ። አንተ ቀድሞም ማሪያዲቢ ላይ ስለሆንክ ምርጫው ያለቀ ይመስለኛል።

ፊደሉን "ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4" አድርገው። ማሪያዲቢ ላይ "ዩቲኤፍ8" ሲባል ብዙ ጊዜ 3 ባይቱ ነው። የእኛ ፊደል በ3 ባይት ስለሚጻፍ ችግሩ ተደብቆ ይቆያል፤ አንድ ካሸር ከስልክ የስሜት ምልክት የገባበት ማስታወሻ ሲለጥፍ ነው ስሕተቱ የሚወጣው። ሠንጠረዡ "ላቲን1" ከሆነ ግን አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል፤ አንዴ ከተቀመጠ አይመለስም።

ጋሌራን በየሱቁ ያለህን ሰው ግን አትስማው። ጋሌራ ላይ እያንዳንዱ ኮሚት ለሁሉም ኖድ (የክላስተሩ ማሽን) ደርሶ ነው የሚያልፈው፤ የአራዳው ካሸር የመተማን መስመር ይጠብቃል ማለት ነው። መስመሩ ሲቆረጥ ደግሞ ከግማሽ በታች ጋር የቀረው ኖድ መጻፍ ቀርቶ ማንበብም ይከለክላል። መተማ ብቻዋን ከቀረች ሱቁ ይዘጋል። ጋሌራ የአንድ ክፍል ነገር ነው፤ ሦስት ማሽን፣ አንድ ስዊች።

ሚዛን ልኩ፦

ጋሽ አንገረብ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ኢንጂኑ ኢኖዲቢ ነው። በፈር ፑሉ 16 ሜጋ ይላል። ጊጋ አላልኩም፣ ሜጋ! "ዌርመንዝ" ደግሞ ኮዱ ውስጥ 9 ቦታ አገኘሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መብራት ሲጠፋ ሁለት ጊዜ ዳታቤዙ አልነሳ ብሎ "በድንገት ተዘግቷል" ይላል። ሁለተኛ፣ ሱቆቹ አራዳ ካለው ሰርቨር ጋር በኢንተርኔት ነው የሚገናኙት። መስመር ሲቆረጥ ማራኪ መሸጥ ያቆማል። 15 ሲሆኑ ምን ልሆን ነው?

አንገረብ፦

16 ሜጋው ዛምፕ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ነው። 600 ሜጋ ዳታ በ16 ሜጋ ቀዳዳ ሲያልፍ ሪፖርቱ የካሸሮቹን ገጾች ከራም እየገፋ ያስወጣል፤ እነሱም እያንዳንዱን የዕቃ ዋጋ ከዲስክ ያነባሉ። 4 ጊጋ አድርገው። ዛምፑ 32 ቢት ከሆነ ግን ይህን ያህል መያዝ ስለማይችል አይነሳም፤ ያኔ መጀመሪያ ወደ 64 ቢት መሄድ ነው። በሚቀጥለው ወር ኡቡንቱ ሰርቨር ያለው ለብቻው የሆነ ማሽን አዘጋጅና የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን ማሪያዲቢ ጫንበት፤ እዚያ ከራሙ ከ60 እስከ 70 በመቶውን ለበፈር ፑሉ ትሰጠዋለህ።

አልነሳ ሲልህ ኢንተርኔት ላይ የሚዞረውን "ዳታ ፎልደሩን ስሙን ቀይር፣ ባክአፕ የሚለውን በቦታው ቅዳ" የሚል መፍትሔ ተጠንቀቀው። "አይቢዳታ1" የሚባለውን ፋይል አብረህ ካልመለስክ ሠንጠረዦቹ በስም ይታያሉ፣ ስትከፍታቸው የሉም ይልሃል። ከመነካካትህ በፊት ዳታቤዙን አቁመህ ፎልደሩን በሙሉ ሌላ ዲስክ ላይ ቅዳ። ከዚያ የስሕተት ሎጉን አንብብ፤ ብዙ ጊዜ የተበላሸው የሽያጩ ዳታ ሳይሆን የአሪያ ሎግ ነው፤ እሱ የሲስተም ሠንጠረዦቹ ነው።

ጎርጎራ ወደብ፦

የመብራቱን ነገር ከታች ልጀምር። ዩፒኤስ መግዛት ግማሽ ሥራ ነው። የዩኤስቢ ገመዱን ከሰርቨሩ ጋር ካላገናኘህና ባትሪው ሲደክም ማሽኑን በሥርዓት የሚዘጋ ፕሮግራም ካላስቀመጥክ ያው 20 ደቂቃ ቆይቶ በድንገት ይጠፋል። ዊንዶውስ ላይ የዲስኩ ባሕርይ ውስጥ "የራይት ካሽ በፈር ማጽዳትን አጥፋ" የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት ካለበት አንሳው። ያ ሳጥን ዳታቤዙ "ዲስክ ላይ ደርሷል" ብሎ ያመነውን ውሸት ያደርገዋል። "ኢኖዲቢ ፍላሽ ሎግ አት ትራንዛክሽን ኮሚት" 1 ይሁን። 2 ካደረግከው ይፈጥናል፣ ግን ማሽኑ ሲጠፋ የመጨረሻው አንድ ሰከንድ ገደማ ሽያጭ አብሮ ይሄዳል፤ ገንዘቡ መሳቢያ ውስጥ፣ ደረሰኙ የትም። ፖስትግሬስ ብትሄድም "ኤፍሲንክ" ን (የተጻፈው ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠውን) ለፍጥነት ብለህ አታጥፋ። ለሰርቨሩ የሚገዛው ኤስኤስዲ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

ሱቅ መስመር ሲያጣ እንዲሸጥ ከፈለግክ የማዕከሉ ዳታቤዝ ምንም ይሁን ምን አያድንህም። በየሱቁ ኤስኪውላይት የሚባለውን በአንድ ፋይል የሚኖር ትንሽ ዳታቤዝ አስቀምጥ። ሽያጩ መጀመሪያ እዚያ ይጻፋል፣ በዚያው ትራንዛክሽን "ያልተላከ" በሚል ሠንጠረዥ ይመዘገባል፣ ከጀርባ ያለ ሥራ መስመር ሲኖር ወደ አራዳ ይልካል። ኤስኪውላይት ላይ የዋል ሞድ (ለውጡን መጀመሪያ በተለየ ሎግ የሚጽፍበት አሠራር) አብራ፤ ጻፊ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፣ ለአንድ ሱቅ ይበቃል። ፋይሉን በኔትወርክ ፎልደር ለሦስት ካሸር ማካፈል ግን ፋይሉን ያበላሻል፤ አንዱ የሱቁ ማሽን ይክፈተው፣ ሌሎቹ በእሱ በኩል ይግቡ።

የደረሰኝ መለያ በየሱቁ ከ1 የሚጀምር ቁጥር ከሆነ አራዳ ሲደርስ ይጋጫል። ዩዩአይዲ ቨርዥን 7 (በየትኛውም ማሽን ቢወጣ የማይደገም ረጅም መለያ) ተጠቀም፤ የመጀመሪያው 48 ቢት ሰዓት ስለሆነ በቅደም ተከተል ይገባል፣ ሰሊጥ ጫኝ ያነሣው የገጽ መሰንጠቅም በጣም ይቀንሳል። መስመሩ መልሱ ሳይመጣ ሊቆረጥ ስለሚችል ያው ደረሰኝ ሁለቴ ይላካል፤ ማዕከሉ ላይ መለያው ዋና ቁልፍ ይሁን፣ ሁለተኛው ሲመጣ ዝም ብሎ ይለፍ። ለዚህ "ኢንሰርት ኢግኖር" አትጠቀም፣ ሌሎቹንም ስሕተቶች ይውጣቸዋል። የቴሌብርም የባንክም የክፍያ ማሳወቂያ ሁለቴ ይመጣል ብለህ አስብና የክፍያ ቁጥሩ ላይ የማይደገም ቁልፍ አድርግ።

የዕቃ ብዛት ደግሞ "ዘይት፣ ቀሪ 38" ተብሎ ከሱቅ አይላክ። ሁለት ማሽን ተለያይተው ቆይተው 38 እና 41 ይዘው ቢመጡ የቱ እውነት ነው? የሚላከው እንቅስቃሴው ነው፦ 2 ተሸጠ፣ 12 ገባ፣ 1 ተሰበረ። ቀሪው የእነሱ ድምር ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር። የሱቁ ኮምፒውተር የማዘርቦርድ ባትሪ ሞቶ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ይሄዳል። የሱቁን ሰዓትና ማዕከሉ የተቀበለበትን ሰዓት ለየብቻ መዝግብ፤ ልዩነቱ ከአንድ ቀን ካለፈ ምልክት ይብራ።

ፊደል ለቃሚ፦

ወደ ፖስትግሬስ አሁኑኑ ውጣ ብዬ አልሟገትም፤ ሁለት ሥራ በአንድ ላይ አይሠራም። አንድ ቀን ከሄድክ ግን የሚያደናቅፉትን ልንገርህ። "0000-00-00" የሚል ቀን ፖስትግሬስ አይቀበልም። የዕቃ ኮድ በትልቅና በትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ቢለያይ ማሪያዲቢ አንድ ነው ይላል፣ ፖስትግሬስ ሁለት ነው ይላል፤ ኮዱ ላይ የባር ኮድ ማንበቢያና የእጅ ጽሕፈት ከተቀላቀለ እዚህ ትያዛለህ። ላራቬል ላይ "ስትሪክት" ተዘግቶ ከሆነ "ግሩፕ ባይ" ያለባቸው ሪፖርቶችህ ይወድቃሉ፣ መውደቃቸውም ልክ ነው። ዳታውን በእጅ ከጫንክ የቁጥር ቆጣሪዎቹን በ"ሴትቫል" ወደ መጨረሻው ቁጥር አድርሳቸው፤ ካልሆነ የመጀመሪያው አዲስ ረድፍ "ይህ ቁልፍ አለ" ይላል። ዳታን ወደ ፖስትግሬስ የሚያሸጋግረው ፒጂሎደር አብዛኛውን ይሠራልሃል።

ከየትኛውም ጋር ብትቆይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር "ዴት" ዓምድ ውስጥ አታስገባ። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች አትገባም፤ ጥቅምት 30ም አይገባም፣ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፣ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውምና። በፈረንጅ አስቀምጥ፣ ሲታይ ቀይር። ሠንጠረዡን በዚያው ሰርቨር ውስጥ በበጀት ዓመት መከፋፈል ካሻህ ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው፣ ወሰኑን እዚያ አድርገው። ግን 50 ሚሊዮን ረድፍ ሳይደርስ አትክፈለው። ማሪያዲቢ ላይ የተከፈለ ሠንጠረዥ የውጭ ቁልፍ (ከሌላ ሠንጠረዥ ጋር የሚያያዝ) አይፈቅድም፤ በማሪያዲቢም በፖስትግሬስም ላይ ደግሞ የማይደገመው ቁልፍ የመክፈያውን ዓምድ መጨመር አለበት።

ሰሊጥ ጫኝ፦

ሪፕሊካውን እኔ ልበል። ከሁሉ በፊት ለሪፖርት የሚሆን አንድ ማንበቢያ ሪፕሊካ (ዋናውን ዳታቤዝ እየተከተለ የሚቀዳ ሁለተኛ ሰርቨር) ነው የሚያስፈልግህ፣ እሱም ምናልባት ስምንተኛው ሱቅ ላይ። የሒሳብ ሠራተኞቹን ወደዚያ አዙር። ሁለት ሰከንድ ወደኋላ ቢቀር ለወር መዝጊያ ምንም አይደለም፤ ካሸሩ የአሁኑን ቀሪ የሚያይበት ግን አይሁን።

ሪፕሊካ ባክአፕ አይደለም። አንድ ሰው የዕቃ ሠንጠረዡን ቢሰርዝ ሪፕሊካው በሰከንድ ውስጥ አብሮ ይሰርዛል። "ማሪያዲቢ ደምፕ" ን (ዳታውን ወደ ፋይል የሚያወጣውን ፕሮግራም) "ሲንግል ትራንዛክሽን" ከሚለው አማራጭ ጋር ሌሊት አስኬደው፤ ካሸር ሳይቆም ወጥ የሆነ ቅጂ ይሰጥሃል። ባይነሪ ሎጉን (እያንዳንዱን ለውጥ የሚመዘግበውን) አብራ፣ በደምፑና በአደጋው መሀል ያለውን ሰዓት የሚመልስልህ እሱ ነው። ዳታቤዙ እየሠራ የዳታ ፎልደሩን መቅዳት ባክአፕ አይባልም። በወር አንዴ ደግሞ ሌላ ማሽን ላይ መልሰህ ጫንና የትናንቱን ሽያጭ ድምር ከሱቁ መዝጊያ ጋር አስተያየው። ቅጂው አራዳ ቢሮ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ።

ሚዛን ልኩ፦

በፈር ፑሉን 4 ጊጋ አደረግሁ፤ 64 ቢት ሆኖ ተገኘ። ኢንዴክሱን በሱቅና በቀን ሠራሁ፣ "ዌርመንዝ" ን በክልል ቀየርኩ። "ኤክስፕሌይን" (ዳታቤዙ እንዴት እንደሚያነብ የሚያሳየው ትእዛዝ) ቀድሞ "ኦል" (ሁሉንም) እና 4.1 ሚሊዮን ረድፍ ይል ነበር፤ አሁን "ሬንጅ" (በክልል) እና 43 ሺህ ይላል። ሪፖርቱ ከአንድ ሰከንድ በታች ወጣ። ባለቤቱ ግን የሁሉንም ሱቅ በአንድ ላይ ሲያይ አሁንም 9 ሰከንድ ነው። ይህኛው ኢንዴክሱን ለምን አልያዘም?

አንገረብ፦

ሱቅ ሳትጠቅስ ስለጠየቅክ ነው። ኢንዴክሱ በሱቅ የተደረደረ ስለሆነ ቀኑን ብቻ ይዞ የሚገባበት በር የለውም። ለቀኑ ብቻ ሌላ ኢንዴክስ ሥራ፤ አንድ ወር ከ4.2 ሚሊዮኑ 125 ሺህ ገደማ ስለሆነ ይጠቀምበታል። የዓመቱን ሲጠይቅ ግን 1.5 ሚሊዮን ረድፍ ስለሚሆን ኢንዴክሱን ትቶ ሁሉንም ሊያነብ ይችላል፤ ልክ ነው፣ አታስገድደው። ለዓመቱ የቀን ማጠቃለያ ሠንጠረዥ አዘጋጅ፦ ሱቅ፣ ቀን፣ ዕቃ፣ ብዛት፣ ብር፤ ብሩ "ዴሲማል" እንጂ "ፍሎት" አይሁን። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይሙላ። የተመለሰ ዕቃና ዘግይቶ የደረሰ የሱቅ ሽያጭ ስላለ የትናንቱን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን 7 ቀናት ሰርዞ እንደገና ያስላ። አዲሱን ኢንዴክስ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ሥራው፤ ደግሞ ዩፒኤሱን ቀድመህ እይ።